ያልተነካ መስመር

ሁለት የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽር ሰው አስቀድሞ የሚያየው እንቅስቃሴያቸውን ነው። ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው መቼ ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ኮሚት፣ ማለትም ስንት የተመዘገበ ለውጥ፣ ገባበት? ስንት ሰው ተሳተፈበት? ከተመዘገቡት ችግሮች ስንቱ ተፈትቶ ተዘጋ? ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብ የአንድን ሰው የዓመት ሥራ በትናንሽ ካሬዎች ይሥላል፤ የተሠራበት ቀን አረንጓዴ ይለብሳል፣ ብዙ የተሠራበት ይደምቃል፣ ምንም ያልተሠራበት ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ዓይን ወደ ደማቁ ይሳባል። ግራጫው ከበዛ «ይሄማ ሞቷል» ተብሎ ይታለፋል።

እኔም ሶፍትዌር ስመርጥ ከዚያው ነው የምጀምረው፤ የሚናቅ መረጃ አይደለም። ሐሳቤን ይዞት የሚቀረው ግን ግራጫው ነው። አንድ ኮድ ሳይነካ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሲያልፉ በዚያ ዝምታ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሰዎቹ ትተውት ሄደው ይሆን? ደክሟቸው ይሆን? ወይስ የሚነካ ነገር አጥተውበት? ካሬው ለሁሉም የሚሰጠው ያንኑ አንድ ቀለም ነው።

ግራፉ እውነቱን ከሚናገርበት ልጀምር። ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኦፕንኦፊስና ሊብሬኦፊስ ከአንድ ኮድ የተወለዱ ናቸው። ስታር ዲቪዥን የተባለ የጀርመን ኩባንያ የሠራውን ስታርኦፊስ የተባለ የቢሮ ሶፍትዌር ሳን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ገዛው፤ በ2000 ደግሞ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ኦፕንኦፊስ አለው። በ2010 መጀመሪያ ኦራክል ሳንን ጠቅልሎ ሲገዛ የፕሮጀክቱ ዕጣ ያሳሰባቸው ሰዎች ዓመቱ ሳያልቅ ኮዱን ይዘው ወጡ። ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን አቋቁመው ሥራቸውን ሊብሬኦፊስ ብለው ሰየሙት። ኦራክልም በ2011 የቀረውን ኮድ ከነስሙ ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መንገድ በጣም ተራራቀ። ሊብሬኦፊስ በየስድስት ወሩ ዋና እትም ያወጣል። ኦፕንኦፊስ 4.1 የተባለውን እትም በ2014 አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ሁሉ የዚያው የ4.1 ጥገናዎች ናቸው። በ2016 የፕሮጀክቱ ሊቀመንበር ራሱ፣ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ፈጥኖ የሚደፍን በቂ የሰው ኃይል አለመኖሩ ስላሳሰበው፣ መዝጋት ይሻል እንደሆነ ለውይይት አቀረበ። አልተዘጋም። በ2020 ኦፕንኦፊስ ሃያ ዓመት ሲሞላው የዶክዩመንት ፋውንዴሽን ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ልመናቸው፣ በስሙ አምነው ለሚመጡት ሰዎች ሥራው በሊብሬኦፊስ ስም እንደቀጠለ ይነገርልን የሚል ነበር።

የፈቃዱም ነገር አለበት። ኦፕንኦፊስ የተያዘበት የአፓቼ ፈቃድ ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ ወደ ራሱ ሥራ እንዲጨምረው ይፈቅዳል፤ የሊብሬኦፊስ ፈቃድ ግን ኮዱ በዚያው መንገድ ወደ አፓቼ እንዲመለስ አይፈቅድም። በኦፕንኦፊስ በኩል የተሠራ መልካም ነገር ሁሉ ወደ ሊብሬኦፊስ ሊሻገር ሲችል የሊብሬኦፊስ ሥራ ወደ ቀድሞው ቤት መመለስ አይችልም። አንዱ እየወፈረ ሌላው እየከሳ የሄደው በሰው ብዛት ብቻ አልነበረም ለማለት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ በውድድሩ አንዱ መበለጡ ሳይሆን ስሙ በቀድሞው ቤት መቅረቱ ነው። የቀድሞው ስም በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ማውረዶች በቅቷል፤ ግራፍ የማየት ልማድ የሌለው ተጠቃሚ የሚያውቀው ስሙን ነው፣ የሚያምነውም ስሙን ነው። እዚህ ላይ ግራጫውን ማንበብ ሰው ይጠቅማል።

ሆኖም ቁጥሩ ከየት እንደሚቀዳ ማወቅ ያስፈልጋል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ የጀመረው የሊነክስ ከርነል ዛሬ በየዘጠኝና ዐሥር ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል። በአንዱ እትም ከ10 ሺህ የሚበልጥ ለውጥ ይገባበታል፤ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይሳተፉበታል። ሌሊቱንና እሑዱን ጨምሮ ቢካፈል በየሰዓቱ ቢያንስ ስድስት ለውጥ መሆኑ ነው። ይህን ያህል የሚናወጠው በስህተት ስለተሞላ አይደለም። ከኮዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው፤ አዲስ ቺፕ፣ አዲስ ካሜራ፣ አዲስ የኔትወርክ ካርድ በወጣ ቁጥር ከርነሉ ያንን መሣሪያ ማወቅ አለበት። ፋብሪካዎቹ እስካልቆሙ እሱም አይቆምም።

ይህንን ሁሉ ሕዝብ ለማስተናገድ ነው ቶርቫልድስ በሚያዝያ 2005 ጊት የተባለውን የኮድ መዝገብ መያዣ የጻፈው። ብዙ ሰው በብዙ ቦታ ሆኖ፣ ጥቃቅን ለውጥ እያቀበለ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ከነባለቤቱና ከነሰዓቱ እንዲመዘገብ። ዛሬ የፕሮጀክቶችን ጤንነት የምንለካበት ግራፍ የሚቀዳው ከዚህ መዝገብ ነው፤ መለኪያው ሲቀረጽ ልኩ የተወሰደው በዓለም ላይ ሰው ከበዛባቸው የኮድ ሥራዎች በአንዱ ነበር ማለት ነው። በዚያ ልክ የተሰፋውን ለሌላው ሁሉ ስናለብስ ብዙው ቢሰፋው አይገርምም። የሚደንቀው ደግሞ ከርነሉ ራሱ በጊትሀብ ገጽ በትክክል አለመታየቱ ነው። ለውጦቹ የሚላኩት በኢሜይል ነው፤ በየዘርፉ ኃላፊዎች እጅ አልፈው፣ ተተችተውና ታርመው ነው ወደ ቶርቫልድስ የሚደርሱት። ጊትሀብ ላይ የተቀመጠው ቅጂው ብቻ ነው፤ እዚያ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም የለውጥ ጥያቄ፣ የሚልክ ሰው የሚቀበለው አያገኝም። በፑል ሪኩዌስት ብዛት የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ስለ ሊነክስ የሚነግረን ነገር የለም።

ከዚህ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ስንሄድ ኤስኪውላይትን እናገኛለን። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 ያወጣው ይህ ትንሽ ዳታቤዝ ሐሳቡ የመጣለት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ የጦር መርከብ ሶፍትዌር ሲሠራ ነው፤ ዳታቤዙ የተቀመጠበት ሰርቨር ሲወድቅ ፕሮግራሙ ሁሉ የሚቆምበትን ሁኔታ ለማስቀረት ፈልጎ። አሁን በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ መልእክቱን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የብራውዘሩን ታሪክ የሚይዘው በአብዛኛው እሱ ነው። የሚሠሩት ዋነኞቹ ሰዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ኮዱን ማንም እንደፈለገው ይወስዳል፤ ከባለቤትነት መብት ሁሉ ነጻ ተደርጎ ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ከውጭ የሚመጣን ኮድ ግን አይቀበሉም። መዝገባቸውንም በጊት አይዙም፤ ሂፕ ራሱ በጻፈው ፎሲል በተባለ መሣሪያ ነው የሚሠሩት። «ስንት ሰው ተሳተፈ» በሚለው ዓምድ ኤስኪውላይት ከግርጌ ነው የሚገኘው፤ አንድ የተማሪዎች የመለማመጃ ፕሮጀክት እንኳ ሊበልጠው ይችላል።

ስለ እሱ ሳስብ የምቆመው ሙከራው ላይ ነው። ዋናውን ኮድ ለመፈተን የተጻፈው ኮድ ከዋናው ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሚሞሪ ቢያልቅ፣ መብራት በጽሑፍ መካከል ቢጠፋ፣ ዲስኩ ስህተት ቢመልስ ምን እንደሚሆን ሁሉ ተፈትኗል። አዘጋጆቹ እስከ 2050 ድረስ እንደሚደግፉት ቃል ገብተዋል፤ ሶፍትዌር ሠርቶ እንዲህ ያለ ቀን የሚቆርጥ ሰው ብዙ አላየሁም። በዋናው ኮድ ላይ አንዲት መስመር ከመለወጧ በፊት ያለፈው ልፋት፣ የተሞከረው፣ የተጣለው፣ «ይህማ አይሆንም» የተባለው፣ በየትኛውም ካሬ ላይ አይቀባም።

መቀነስም ሥራ ነው። በሚያዝያ 2014 በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገለጥ፣ የኢንተርኔትን ግማሽ ምስጢር የሚጠብቀው ያ ኮድ በሙሉ ጊዜው የሚሠራበት ሰው አንድ ብቻ እንደነበረ ዓለም ሰማ። የኦፕንቢኤስዲ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሰዎች ኮዱን ቀድተው ሊብሬኤስኤስኤል ብለው ሲያጸዱት በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ90 ሺህ በላይ መስመር አወጡለት። ያ ሳምንት በማንኛውም ግራፍ ላይ ደማቅ ነው፤ ውጤቱ ግን ያነሰ ኮድ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ዝምታን ሞት ነው ብሎ መፍረድ እንደሚያሳስት ነው። ተቃራኒው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ግርግርን ሕይወት ነው ብሎ ማመን።

ኤክስዜድ ዩቲልስ ፋይል የሚያጨምቅ መሣሪያ ነው። በሊነክስ ስርጭቶች ሁሉ ውስጥ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ለረጅም ዓመታት የያዘው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ ከሌላው ኑሮው በተረፈው ጊዜ። በ2021 ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ሰው ጠቃሚ ጥገናዎች መላክ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት የማይታወቁ ስሞች እየተከታተሉ ሜንቴይነሩን፣ ማለትም የፕሮጀክቱን ያዥ፣ መውቀስ ያዙ። የተላኩ ጥገናዎች ይተኛሉ፣ እትም አይወጣም፣ ፕሮጀክቱ ቀዝቅዟል፣ ካልቻልክ ለሚችል አስረክብ። ሰውየው ፍላጎቱ እንዳልጠፋ፣ አቅሙ ግን የተወሰነ እንደሆነ፣ ይህም የማይከፈልበት የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን አስታውሶ መለሰ። ግፊቱ አላቆመም። ጂያ ታን ትጉ ነበር፣ ትሑትም ይመስል ነበር። ቀስ በቀስ አብሮ ኃላፊ ሆነ፤ በ2023 እትሞችን ራሱ ማውጣት ጀመረ።

በዚያን ጊዜ የኤክስዜድን ገጽ ከፍቶ ያየ ሰው ምን ይል ነበር? ያዘግም የነበረው ፕሮጀክት ነፍስ ዘራ። ሁለተኛ ሜንቴይነር አገኘ። ኮሚቱ በዛ፣ ሙከራዎች ተጨመሩ፣ ሰነዱ ተስተካከለ። ኮድ የሚመርጥ ድርጅት የሚያየውን ዓምድ ሁሉ በአንድ ጊዜ አሻሻለ። በየካቲት 2024 ማብቂያ የወጣው 5.6.0 የተባለው እትም የጓሮ በር ይዞ ወጣ፤ በመጋቢት የተከተለው 5.6.1 ደግሞ በሩን አሻሻለው። ተንኮሉ የተደበቀው ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ የተጨመቁ ፋይሎች ውስጥ ነበር፤ እነዚያን ፋይሎች የሚቀሰቅሰው መስመር ደግሞ በጊት መዝገቡ ውስጥ አልነበረም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ኮሚቶቹን አንድ በአንድ ያነበበ ሰው እንኳ ቁልፉን በዚያ አያገኘውም ነበር።

ነገሩን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠራተኛ ነው፤ ከኤክስዜድ ጋር የሚያገናኘው ሥራ አልነበረውም። ደቢያን በተባለው የሊነክስ ስርጭት ገና ያልረጋ እትም ላይ የራሱን ዳታቤዝ ፍጥነት ሲለካ የርቀት መግቢያ በሆነው ኤስኤስኤች መግባት በግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበት፤ ፕሮሰሰሩም ያለ ምክንያት ሲደክም አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ተከተለው፤ ክሩን እየሳበ ኤክስዜድ ድረስ ሄደ፣ በመጋቢት 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለሁሉም አሳወቀ። የተበከለው የኤክስዜድ እትም ገና ወደ ዋነኞቹ ስርጭቶች የረጉ እትሞች ስላልገባ ጥፋቱ ከመስፋቱ በፊት ቆመ። ጂያ ታን ማን እንደነበረ፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ እስካሁን በይፋ የታወቀ ነገር የለም። የጂያ ታን ሥራ በኤክስዜድ ግራፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተጽፏል፤ የፍሮይንድ ንቃት በዚያ ግራፍ ላይ ቦታ የለውም። ይህን ሳስብ ስለ ቁጥር የነበረኝ እምነት ይላላል።

የሰፈር ዘበኛ የሚመዘነው በሌሊት ስንቴ ፊሽካ ነፋ ተብሎ አይደለም። ጎረቤቱ ተኝቶ ያድራል፣ ጠዋት ምንም የተሰማ ነገር የለም፤ ያ ምንም አለመሰማት ዘበኛው ስለነቃ ይሁን ሌባ ስላልመጣ፣ ወይም ዘበኛውም ተኝቶ ያደረ ይሁን፣ በማግስቱ ደጁን በማየት ብቻ አይታወቅም። ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌሊት ወጥቶ ሊጠራው ይገባል። ፕሮጀክቶችንም ሳወዳድር መጠየቅ የምፈልገው ይህንን ሆኗል። ሲጠራ የሚሰማ አለ ወይ? ስህተት ሲነገረው መልስ የሚሰጥ፣ «አየሁት» የሚል ሰው አለ ወይ? መጨረሻ የተጻፈው ኮሚት ቀኑ የቆየ ቢሆንም እንኳ።

ሁለቱን ነገር፣ ግርግሩንና ጸጥታውን፣ በአንድ ፋይል ውስጥ አብረው የሚያሳይ አንድ ፕሮጀክት አለ። የዓለም የሰዓት ቀጠናዎች መዝገብ ነው። አርተር ዴቪድ ኦልሰን በ1980ዎቹ ጀመረው፤ ዛሬ የሚያስተባብረው ፖል ኤገርት ነው። የትኛው ከተማ ከመቼ ጀምሮ በስንት ሰዓት እንደሚኖር የሚናገሩ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ስልካችን፣ ባንኩ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ሰዓቱን የሚያውቁት ከዚያ ነው። በ2011 አንድ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ኩባንያ ታሪካዊ የሰዓት መረጃዬን ወሰዳችሁ ብሎ ሁለቱን ሰዎች በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ መዝገቡ የነበረበት ሰርቨር ለቀናት ተዘጋ። አይካን የተባለው የኢንተርኔት ስሞች ድርጅት ተረክቦ አስቀጠለው፤ ክሱም በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ተነሣ። ዓለም ሁሉ የቆመበት ነገር በሁለት ሰው ስም ላይ ቆሞ እንደነበረ የታየው ያኔ ነው።

መዝገቡ የሚንቀሳቀሰው መንግሥታት ሰዓት ሲቀይሩ ነው። በመጋቢት 2023 ግብፅ ትታው የነበረውን የበጋ ሰዓት ለመመለስ ወሰነች፤ ያንን ጨምሮ 2023ኤ የተባለው እትም ወጣ። በማግስቱ 2023ቢ መውጣት ነበረበት፤ ሊባኖስ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋበትን ቀን ለረመዳን ስትል፣ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አራዘመችው። በአገሪቱ ውስጥ የተቀበለውና ያልተቀበለው በሁለት ሰዓት ሲኖር ሰነበተ፤ መንግሥትም ውሳኔውን ሻረ። ሳምንት ሳይሞላው 2023ሲ ወጣ፤ ይዘቱ ከ2023ኤ ጋር አንድ ነበር። ሦስት እትም በአንድ ሳምንት፤ መጨረሻው የተነሡበት ቦታ። ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ያንን ሳምንት የትጋት ሳምንት ብሎ ይመዘግበዋል፤ ስህተትም አይደለም። አንድ ሰው ቤይሩት ውስጥ የሚሆነውን እየተከታተለ፣ የቱን ማመን እንዳለበት እየመዘነ፣ የማይለወጥ ነገር ሁለት ጊዜ ለውጧል። ድካሙ እውነተኛ ነበር።

በዚያው መዝገብ ውስጥ የአዲስ አበባ መስመር አለ። እንደሱ ጸጥ ያለ ነገር የለም። ዛሬ የአዲስ አበባ ስም በቀጥታ ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ነው፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማሉ፣ ሁለቱም የበጋ ሰዓት አያውቁም፣ ናይሮቢም ከ1942 ወዲህ አልተነካችም። ከመስመሩ አጠገብ ግን ኤገርት በ2014 የጻፈው ማስታወሻ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሁሉ ሰዓታቸውን ከንጋት ጀምረው እንደሚቆጥሩ፣ ስምንት ሰዓት ሲሉ እሱ ሁለት ሰዓት የሚለውን ማለታቸው እንደሆነ ይገልጻል፤ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰውም ይህን እንዳይረሳ ያሳስባል። ማስታወሻ ነውና ኮምፒውተር አያነበውም፤ አንድም ስሌት አይለውጥም። ለሰው የተጻፈ ነው።

ቀጥሎ ሌላ ነገር አለ። ኤገርት የተመለከተው የታተመ ምንጭ ኢትዮጵያ ከ1870 እስከ 1890 ስድስት የተጠጋጉ የሰዓት ቀጠናዎች እንደነበሯት፣ በ1890 አንድ እንደሆኑ፣ ዛሬ ወደምንጠቀምበት ሦስት ሰዓት የተሻገረችውም ግንቦት 5 ቀን 1936 እንደሆነ ይላል። በእኛ ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ማስታወሻው ስለዚያ ዕለት አንድ ቃል አይናገርም። ምንጩ ራሱ ሳይሳሳት እንዳልቀረ ግን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውን ሳይደብቅ እዚያው ጽፎታል። ለእኔ ይህ ከብዙ ሺህ ኮሚት የሚበልጥ ነገር ነው። በማያውቀው አገር ስላለፈ ሰዓት የተጻፈለትን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ «ይህ ልክ ላይሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ፤ አንድ ቀን ከኢትዮጵያ በኩል ሰነድ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር የሚያርምበትን በር ክፍት መተው። የጥንቱን የአዲስ አበባ ሰዓት አጠባበቅ ከቤተ መዛግብት፣ ከድሮ ጋዜጣ፣ ከምድር ባቡሩ የጉዞ ሰሌዳ የሚያጠና የታሪክ ተማሪ ቢገኝ ያ መስመር ይነካ ነበር። እስከዚያ ተጠብቆ ይቆያል። ኬንያ ነገ ሰዓቷን ብትቀይርም አዲስ አበባን ከናይሮቢ ነጥሎ የራሷን መስመር የሚሰጣት ሰው መኖር አለበት፤ ዜናውን በጊዜው የሰማ ሰው።

ተጠብቆ የቆመ ነገር ሁሉ ግን መጨረሻ የለሽ መሆን አለበት? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ የለም የሚል ይመስላል። በ1977 የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ በአዲሱ የፎቶ ማተሚያ ተለቅሞ ሲመጣለት መልኩ አስከፋው፤ መጽሐፉን ለማሳመር ብሎ ቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ መሥራት ጀመረ። በ1989 ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉ ቋንቋዎች ሰፋ ያለ የፊደል ቦታ እንዲያገኙ ብሎ አንድ ትልቅ ለውጥ አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አዲስ ነገር እንደማይጨምርበት አስታወቀ። የእትሙ ቁጥር 3 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስህተት ሲታረም ቁጥሩ ወደ ፓይ በአንድ አሃዝ ይጠጋል፤ 3.14፣ 3.141፣ እያለ በ2021 3.141592653 ላይ ደርሷል። እሱ ሲሞት ቁጥሩ ፓይ ራሱ እንዲሆን፣ ያን ጊዜ የቀረው ስህተትም እንደ ባሕርይው ተቆጥሮ ማንም እንዳይነካው ተናዟል። በመጻሕፍቱ ውስጥ ስህተት ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚል ቼክ ይልክ ነበር፤ ተቀባዮቹ ብዙዎቹ ቼኩን ሳይመነዝሩ በፍሬም ሰቅለውታል።

ይህ ጸጥታ ያለ ዋጋ የመጣ አይደለም። ክኑዝ የማይጨምረውን ሌሎች በዙሪያው ይጨምራሉ። ዩኒኮድና ዘመናዊ ፎንት የሚያነበው ዜቴክ የተባለው ተከታይ በ2004 የወጣው በዚያ ምክንያት ነው፤ አማርኛን በአቢሲኒካ ፎንት በጥራት ማቀናበር የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚጠቀመው እሱን ወይም መሰሉን ነው። መሐሉ ባይረጋ ግን ዳር ዳሩን መገንባት ባልተቻለ ነበር። በ1990ዎቹ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዩኒኮድ ገና የእኛን ፊደል ሳይቀበል፣ ብርሃኑ በየነና ጀርመናውያን ባልደረቦቹ የግዕዝን ፊደል ክኑዝ በሠራው ሜታፎንት በተባለ የፊደል መቅረጫ ቀርጸው ለቴክ አዘጋጁት። ኤትዮፕ ይባላል። በእንቅስቃሴ ቢመዘን ከተረሱት ተርታ የሚመደብ ነው። ነገር ግን የቆመበት መሠረት ስላልተንቀሳቀሰ እሱም አልፈረሰም፤ ዛሬም ቴክ ላይቭ ከሚባለው ስርጭት ጋር አብሮ ይመጣል፣ የዚያን ጊዜ የተቀናበረ የአማርኛ ጽሑፍ ፋይሉ ያለው ሰው እንደገና ሊያወጣው ይችላል። ባለፉት ዓመታት ስንት በየወሩ የሚታደስ ሶፍትዌር የትናንቱን ፋይላችንን አልከፍትም እንዳለን የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ክኑዝ የስህተት ጥቆማዎችን የሚያየው በቀጠሮ ነው። በ2008 አየ፣ በ2014 አየ፣ በ2021 አየ፤ ልዩነቱ ስድስት ዓመት ነበር፣ ሰባት ሆነ፣ አሁን ስምንት ሆኗል። ቀጣዩ ቀጠሮ 2029 ነው፤ በጥር 1938 የተወለደ ሰው ነውና ያኔ 91 ዓመቱ ይሆናል። እስከዚያ የሚመጣውን ጥቆማ በጎ ፈቃደኞች ይቀበላሉ፣ አስቀድሞ የታወቀውን ከአዲሱ ይለያሉ፣ እሱ ሊያየው የሚገባውን ብቻ አጣርተው ያቆዩለታል።